የወንድሟን ሱቅ አልፋ

በዚያ አገር ሰው ጠላቱን እንኳ ከለቅሶ አይከለክልም። በአጥር ድንበር ተጣልተው ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሰዎች ሳይቀሩ ሐዘን ሲሆን ድንኳን ገብተው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ምን አመጣህ የሚላቸው የለም። ሽመክት ግን የእናቱ የወይዘሮ ወርቅአየሁ የአርባ ተዝካር ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠዋት ከዳንግላ እንጅባራ ለታናሽ እኅቱ ለሽታዬ ደወለና «አንች ዛሬውኑ ነይና ሶስናን አግዣት። ባልሽ ግን ነገ ደጄን እንዳይረግጥ። ሰው ፊት እንዳላዋርደው ንገሪው» አለ፤ ደኅና ዋይ እንኳ ሳይል ስልኩን ዘጋው። የሽታዬ ስልክ አሮጌ ነው፤ ለጆሮ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ነው የሚያወራው። ባሏ ይኸነው የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሞ ስለነበር አንድም ቃል አላመለጠውም። ሽታዬ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። እሱም በዘይት የጠቆረ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ ቆየና «ቁርስሽን ብይና ሂጂ፤ መኪና እንዳያመልጥሽ» ብሏት ወደ ግቢው ወጣ።

እስከ ትናንት ድረስ የይኸነው ሚኒባስ የተፈታው ሞተር የሚኖረው ከእነሱ ጋር ሳሎን ውስጥ ነበር። ጋራዥ እናስገባው ቢሉ ለቦታው ብቻ የሚጠየቀው ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም፤ ግቢ እንዳያወጡት ደግሞ የእንጅባራ ዝናብ መስከረም ጠባ ብሎ የሚተው ዝናብ አይደለም። ስለዚህ ላስቲክ አነጠፉና ከአልጋውና ከቡፌው መካከል አጋደሙት። እየዘለሉት ኖሩ። ክዳኑ አልጋ ሥር ገባ፤ ብሎኖቹ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ፣ ፒስተኖቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ቡፌው ላይ ተቀመጡ። ሽታዬ ቤንዚን ቤንዚን በሚሸት ቤት ውስጥ ነው እናቷን ያለቀሰችው። ሊያስተዛዝናት የመጣ ሰው ሁሉ ገና ከመቀመጡ በፊት ሞተሩን ያያል፤ ሞተሩን ካየ በኋላ ይኸነውን ያያል፤ ከዚያ ስለ ዝናቡና ስለ ድንች ዋጋ ያወራል። ሽመክት ያለውን ያልሰማ የለማ! በቀብሩ ዕለት ነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጣቱን ቀስሮ «ዘይት ለመቀየር የሚሰስት፣ እናቴን በወላለቀ መኪና ጭኖ መንገድ ላይ ጨረሳት!» ያለው። ይኸነው ያን ጊዜም አልመለሰም። ዝም ያለ ሰው ጥፋቱን አመነ ነውና የሚባለው፣ ከተማው ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርዱን ሰጥቶ አረፈ። እውነቱን ለመናገር ሽታዬም በልቧ ጥግ፣ ማንም በማያይባት ቦታ፣ ምናልባት እውነት ሳይቀይር ቀርቶ ይሆን እያለች ስንት ጊዜ ጠይቃለች። አንድ ጊዜም አፍ አውጥታ አልጠየቀችውም።

ቁርሷን ትታ ተነሣች። ነጠላዋ ማታ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነበርና ልታመጣው በሚኒባሱ ኋላ ዞራ ሄደች። ሞተሩ ትናንት በሰው ብዛት ተነሥቶ ቦታው ገብቷል፤ የቀረው ዘይት የሚያጣራው ፊልትሮና ዘይቱ ብቻ ነው። ይኸነውና መካኒኩ አሸናፊ ከመኪናው ሥር ተጋድመው እግራቸው ብቻ ይታያል። ነጠላው ገና እርጥብ ነበር። ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ አሸናፊ ሲናገር ሰማች።

«ጋሼ ይኸነው፣ እኔስ አልገባኝም። ይህን ፊልትሮ ወስደህ ሽመክት ፊት ብታስቀምጠው ምናለበት? ከሱ ሱቅ የወጣ ዕቃ ነው። ቀድጄ አሳየሁህ አይደል? ውስጡ የፊልትሮ ወረቀት አይደለም፣ ካርቶን ነው። ሲግል ጊዜ ተበጣጥሶ የዘይቱን መንገድ ደፈነው፤ ሞተሩ ዘይት እያለው ዘይት ጠምቶት ነደደ። አንተ ምን አጠፋህ?»

«አውቃለሁ» አለ ይኸነው።

«ታዲያ እያወቅህ ከአማትህ ተዝካር ትባረራለህ?»

ይኸነው ብሎን ያጠብቅ ጀመር። ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ። «ሂጄ ምን ልበለው? እናትህን የገደልካት አንተ ነህ ልበለው? እሱስ ይሁን፣ ወንድ ነው። እዚያ ካልገዛህ ብላ የላከችኝ ግን ሽታዬ ናት። ይህን ብትሰማ በምን ልቧ ትኖራለች? ተወው አሸናፊ። እሷ ጆሮ እንዳይደርስ። እኔ እችለዋለሁ።»

ሽታዬ እርጥቡን ነጠላ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። ውኃው በቀሚሷ አልፎ ሲነካት እንኳ አልተሰማትም።

ልክ ነው፤ የላከችው እሷ ናት። ይኸነው ከማንም ነጋዴ የዘይት ፊልትሮ ሲገዛ ካርቶኑን አስከፍቶ፣ በመዳፉ መዝኖ፣ የጎማውን ቀለበት በጥፍሩ ነክቶ፣ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙሮ ካላየ ብሩን ከኪሱ የማያወጣ ሰው ነበር። አሥር ሱቅ ይዞራል። ነጋዴዎቹ «ሚስት ልታጭ ነው ወይስ ፊልትሮ ልትገዛ?» እያሉ ይቀልዱበታል። አንድ ጊዜ ታዲያ ዳንግላ፣ ከሽመክት የመለዋወጫ ሱቅ ፊት ለፊት ከሚሸጡት ከእትዬ እህተማርያም ገዝቶ ካርቶኑን መኪናው መስታወት ሥር አስቀምጦ ሲያልፍ ሽመክት አየው። አየና ዝም አለ። በዚያ ዓመት ፋሲካ እነሽታዬ ቤት ሳይመጣ ቀረ፤ ቢደወልለት ሥራ በዛብኝ አለ። ሽታዬ አለቀሰች። «የወንድሜን ሱቅ አልፈህ ባዕድ ደጅ ቆመህ ስትገዛ እኔን ምን ሊሉኝ ነው? ወንድሟን ሌባ ነው ብላ ነው አይሉም?» ብላ ይኸነውን ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። በዚያ ከተማ የዘመድን ሱቅ አልፎ ሌላ ዘንድ መግዛት ማለት በአደባባይ ቆሞ ዘመዴ አይደለም እንደ ማለት ነው። ይኸነው ተሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ፊልትሮ የሚገዛው ከሽመክት ብቻ ሆነ። ሽመክትም ከአማች ትርፍ አልወስድም ብሎ በመጣበት ዋጋ ይሰጠዋል፤ ይኸነው ደግሞ ይህን ያህል ካዘነልኝ ብሎ የተሻለውን፣ ውዱን አምጣ ማለት ያፍራል። ካርቶኑን እዚያው ከፍቶ ማየትማ የማይታሰብ ነው፤ አላመንኩህም ማለት ነው። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ እንደ ታሸገ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ተከባብረው ነው ያን ሞተር ያነደዱት።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ያረፉ ዕለት የእንጅባራው ሐኪም አይቷቸው ልባቸው ደክሟል፣ ባሕር ዳር ይወሰዱ ብሎ ሲጽፍ አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቶ ነበር። ይኸነው «እኔ እያለሁ ምን ያስጠብቀናል» አለና የኋላውን ወንበር አጥፎ ፍራሽ አነጠፈላቸው። ዳንግላን አልፈው ዱርቤቴ ሳይደርሱ ቀዩ የዘይት መብራት በራ፤ ዳር ሊይዝ ሲል ሞተሩ አጉረመረመና ጸጥ አለ። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ገና መከፈቱ ስለነበር መኪና የለም። ሽታዬ አስፋልቱ መሐል ቆማ በመጣውና ባልመጣው ሁሉ ነጠላዋን ታውለበልብ ነበር፤ ይኸነው አማቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ በካርቶን ያራግብላቸዋል። ወይዘሮ ወርቅአየሁ አገውኛ አያውቁም ነበር፤ ከአገው አማቻቸው ግን ሰላምታውን ለምደው፣ አፋቸው እየተኮላተፈ ባሉት ቁጥር ቤቱ በሳቅ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ያሉትም ያንኑ የተኮላተፈ ሰላምታ ነው አላት ይኸነው በኋላ። እሷ አልሰማችም፤ መንገድ ላይ ነበረች። ሽመክት መኪና ተከራይቶ ከዳንግላ ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ሻይ ሊጠጡ ከመኪናው ሥር ወጥተው ሲሄዱ ሽታዬ የተቀደደውን ፊልትሮ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አገኘችው። ጣሳው ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ ያለው ነገር እንደ በሰበሰ ቅጠል ተጣብቋል። በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይኸነው ሲመለስ እርጥቡን ነጠላ ለብሳ በር ላይ አገኛት።

«ፊልትሮውን እኔ ይዤልህ እመጣለሁ» አለችው።

ደነገጠ። «ከሽመክት ሱቅ? ተይው ባክሽ፤ አሸናፊ ከባሕር ዳር ያስመጣልኛል።»

«እኔ አመጣዋለሁ አልኩ እኮ።»

ፊቷን አየና አልተከራከራትም። ከኪሱ ብር አውጥቶ ሰጣት፤ «ተዝካራቸው ላይ ስለኔ አንድ ሻማ አብሪላቸው» አለ። ሽታዬም አውቄአለሁ ልትለው ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እነዚያ ሁለት ሰዎች እንደዚያ ነበሩ፤ አንዱ ለሌላው እያሰበ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ዳንግላ ስትደርስ ረፍዶ ነበር። ከመናኸሪያ ጋሪ ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች። የሽመክት መኖሪያ ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ፊቱ ለመኪና ዕቃ፣ ኋላው ለልጆቹ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። የሰፈር ሴቶች ጠላ ያጠልላሉ፤ ወንዶች ድንኳን ይወጥራሉ፤ ከብረት ድስቱ ሥር እርጥብ እንጨት እየጨሰ ሁሉንም ያስለቅሳል። ሴቶቹ ሽታዬን ሲያዩ ተነሥተው ሳሟት፣ ጥቂት አለቀሱላት፣ ወዲያው ስለ በሬው ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ሠላሳ ሺህ የነበረው በሬ ስንት እንደ ገባ፣ ቄሶቹ ስንት እንደሚሆኑ፣ ቅቤው ከየት እንደ ተገኘ። ስለ ይኸነው አንድም ሰው አልጠየቃትም። ባልሽስ ደኅና ነው ማለት እንኳ የቀረ ነገር ሆነ። የወንድሟ ሚስት ሶስና እጇ እስከ ክርኗ አሻሮ ነክቶት ጉድ ጉድ እያለች «ሽታዬ፣ እባክሽ ጓዳ ግቢና የፕላስቲክ ኩባያዎቹን አውጭልኝ፤ ከጆንያው ኋላ ናቸው» አለቻት።

ጓዳው ጨለም ያለ ነው። ሽታዬ ጆንያውን ልትገፋው ብትል አልንቀሳቀስ አለ፤ ውስጡ ብረት ነበር። አፉ ተፈትቶ ነበርና ጎንበስ ብላ አየች። ሰማያዊ ካርቶን፣ ይኸነው ይዞት የሚመጣው ዓይነት ካርቶን፣ ተጨማድዶ ተጠቅጥቋል። ከካርቶኑ መሐል ፊልትሮዎች አሉ። ሁሉም ተደቁሰዋል። አንዱም እንደ ደኅናው የለም፤ በመዶሻ ተመትተው፣ ተጣመው፣ ተጠፍጥፈው፣ ከአንዳንዱ ጎን ያ ካርቶን የመሰለ ነገር ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

ሶስና ኩባያው ሲዘገይባት ገባች። ሽታዬን ጆንያው አጠገብ ስታያት «እሱን ተይው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ወንድምሽ ነው። ከቀብሩ ማግስት ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ መዶሻ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲደቁስ ዋለ። ልጆቹ ፈሩ። ምነው፣ ያልሸጥኸውን ዕቃ ለመጣበት አትመልስም ወይ ብለው ጮኸብኝ። በፊት እንዲህ አልነበረም። ሐዘኑ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» ኩባያዎቹን አንሥታ ወጣች።

ሽታዬ የጆንያውን አፍ መልሳ አሰረች። ስትመጣ መንገዱን ሁሉ ያሰበችው እንዴት አድርጌ ልንገረው ነበር። ወንድሜ እንዳይሰበር፣ ራሱን እንዳይጎዳ፣ ከየትኛው ቃል ልጀምር እያለች ነበር የመጣችው። ለካስ የሚነገረው አልነበረም፤ ያውቅ ኖሯል።

ሱቁ በጓዳ በኩል በር አለው። ሽመክት ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ የሌለ አቧራ ከመደርደሪያው ላይ እየጠረገ ነበር። ፊልትሮ የሚደረደርበት መደርደሪያ ላይ አንድም ፊልትሮ የለም። በቦታቸው የመስታወት መጥረጊያና የአንገት ትራስ ተሰቅሏል።

«ጋሼ፣ ጓዳ ያለውን ጆንያ አየሁት» አለችው።

የቱን ጆንያ አላለም። ጨርቁን አስቀመጠና በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«መቼ አወቅህ?»

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። «ያን ዕለት» አለ በመጨረሻ። «አንች እናታችን ላይ ወድቀሽ ታለቅሻለሽ። እኔ የሞተሩን ክዳን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ አየሁት። ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ በቅርብ የተቀየረ ነው። ሙሉ ዘይት ያለው ሞተር እንደዚያ ሲነድ ምን ማለት እንደሆነ ለኔ አይነገረኝም።»

«እያወቅህ ነው ያን ሁሉ የጮኽህበት?»

«ሰው ከቦ ምን ሆነች ሲለኝ ምን ልበል? ሽታዬ፣ በመድኃኔዓለም፣ ሳመጣው ሐሰተኛ መሆኑን አላወቅሁም። ርካሽ ነው ውሰድ አሉኝ፣ ወሰድሁ። ለአማቼ እንዲረክስለት ብዬ ነው የሰጠሁት፤ ለክፉ አይደለም።» ጨርቁን አንሥቶ እጁ ላይ ጠቀለለው። «ማታ ማታ እንቅልፍ የለኝም። አንድ አፌን ከፈትሁ፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ።»

ሽታዬ አዘነችለት። ይህን መካድ አትችልም፤ ወንድሟ ነው፣ ሲያድጉ አዝሏት ወንዝ ያሻገራት ወንድሟ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ፌስታል ማውጣት አላስፈለጋትም። ወደ እሱ ተጠጋችና እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

«እሺ። ሌላ ምንም አልልህም፤ ለሰውም አልናገርም። ነገ ይኸነው ይምጣ። አንተው በር ላይ ተቀብለህ፣ እጁን ይዘህ አስገብተህ ከጎንህ አስቀምጠው። ይህ ብቻ ይበቃኛል።»

ሽመክት ራሱን ነቀነቀ። «ካስገባሁት ሰው ይጠይቃል። ምን ተገኘና ታረቁ ይላል። አንዱን ሲጠይቅ ሌላው ይወጣል። እኔ በዚች ከተማ የእናቱ ገዳይ ተብዬ ልጆች ማሳደግ አልችልም። አልችልም ሽታዬ። የእናቴ ልጅ ነኝ እኮ። እሱ ግን ምንም ቢሆን ባዕድ ነው። ለጊዜው ነው፣ ይረሳል። እሱ ይችለዋል።»

ጠዋት ከመኪናው ሥር የሰማችው ቃል ነበር። አንዱ ለፍቅር ብሎ የተሸከመውን ሌላው እንደ ድርሻው ቆጥሮ ሊተውበት ነው። ሽታዬ እጇን ከትከሻው ላይ አነሣች። በሱቁ የፊት በር ወጥታ፣ የቦዩን ድልድይ ተሻግራ፣ አስፋልቱን አቋርጣ በቀጥታ ወደ እትዬ እህተማርያም ሱቅ ሄደች።

እትዬ እህተማርያም ሹፌር ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሱቁን ብቻቸውን የያዙ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ሽታዬን ሲያዩ ደንግጠው ተነሡ። «ምነው ልጄ? ወንድምሽ የለም እንዴ?»

«አለ። ጥሩ የዘይት ፊልትሮ ይስጡኝ፤ ለሚኒባስ።»

ሴትዮዋ በትከሻዋ ላይ አሻግረው ማዶውን አዩ። ሽመክት በሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። «ኸረ ተይ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ነገ ተዝካር ነው። እኔም ከጎረቤቴ ጋር ደኅና ነኝ። ልጅ ልላክና ከሱ ያምጣልሽ?»

«ከርስዎ ነው የምፈልገው። ይክፈቱልኝና ልየው።»

እትዬ እህተማርያም እንደገና አላመነቱም። ሁለት ካርቶን አወረዱ። «ይኸኛው ሰባት መቶ ነው፤ አልመክርሽም። ይኸኛው ሁለት ሺህ ነው።» ሽታዬ ሁለቱንም ካርቶን እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፈተች። አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ መዳፏ ያዘች፤ ውዱ ከበድ ይላል። የጎማውን ቀለበት በጥፍሯ ነካችው፤ ለስላሳ ነው፣ ተጭኖ ይመለሳል። ቀዳዳውን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ ውስጡን አየች፤ የወረቀቱ እጥፋት ቀጥ ብሎ ተደርድሯል። ባሏ ሲያደርግ ስንት ጊዜ አይታ አይሰለችህም ወይ ያለችውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አደረገች፤ ሳትቸኩል፣ መንገዱ ሁሉ እያያት። ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ሥራውን አቆመ። ጋሪ ነጂው ፈረሱን ያዝ አደረገ። ድንኳን ሊወጥሩ ገመድ ይዘው ሲሻገሩ የነበሩት ወንዶች መሐል አስፋልት ላይ ቆሙ። ማንም አልተናገረም። የሚናገሩት ነገር አልነበረም፤ ሁሉም የአገሩን ደንብ ያውቀዋል፤ ሴት ልጅ የእናቷ ተዝካር ዋዜማ የወንድሟን ሱቅ አልፋ ስትገዛ ምን እንደ ተፈጠረ ሊገምት የማይችል ሰው እዚያ አልነበረም።

ከፍላ ስትወጣ ሽመክት ከማዶ ተጣራ። «ሽታዬ! ነገስ?»

ቆመች። «ነገ ተዝካሯን አንተ አውጣላት። እኔ ከባሌ ጋር ነኝ» አለችው፤ ገመድ የያዙት ሰዎች ሁሉ ሰሙ።

ወደ እንጅባራ በምትመለስበት መኪና መስኮት በኩል የአዲስ ቅዳም ከተማ በመንገድ ዳር ከተደረደረው የከሰል ማዳበሪያ ጋር ሲያልፍ ሽታዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። የአባቷ ቤት የሚባል ነገር ከኋላዋ ቀርቷል። ነገ ቄሶቹ የእናቷን ስም ሲጠሩ ሴት ልጇ የለችም። የክርስትና ቀን፣ የልጆች ሠርግ፣ ሌላ ለቅሶ ሲመጣ እንዴት ይሆን? ትክክል እንደ ሠራች ታውቃለች፤ ማወቋ ግን ምንም አላሞቃትም። ጎኗ የተቀመጠች ሴት ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠየቀቻት፤ እናቴ ሞታብኝ ነው አለቻት። መቼ ስትላት፣ ቆየች አለቻት። ሴትየዋ ግራ ገብቷት ትክ ብላ አየቻት።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አሸናፊ ሄዷል። ይኸነው ብቻውን የመኪናውን በር በእርጥብ ጨርቅ ይወለውል ነበር። አይቷት ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

«ምነው ተመለስሽ? ተዝካሩስ?»

ካርቶኑን ዘረጋችለት። ይኸነው ተቀበላት፤ ሰማያዊ አልነበረም። አገላብጦ አየው። ክዳኑ ተከፍቷል። ፊልትሮውን አወጣ፣ በመዳፉ መዘነ፣ ጣቱን በጎማው ላይ አዞረ፣ ከዚያ ጣቱ ቆመ።

«ከእትዬ እህተማርያም ነው?»

«አዎ።»

«ሽመክት አየሽ?»

«አየኝ። እሱም ያውቃል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃል። እኔም አውቄአለሁ። ከእንግዲህ ብቻህን አትችለውም» አለችው።

ይኸነው ግቢው ውስጥ የተጋደመው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ፊልትሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥቂት ተመለከተው። ከዚያ አለቀሰ። በቀብሩ አላለቀሰም፣ በሠልስቱም አላለቀሰም፤ የተከሰሰ ሰው ቢያለቅስ ማስመሰል ነው ይሉታልና ለአንድ ወር ከምናምን ዕንባውን ውጦ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። አሁን እንደ ልጅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በአገውኛ እየተጣራ አለቀሰ። ሽታዬ የምትናገረው አማርኛ ብቻ ስለሆነ ቃሉን አልያዘችውም፤ እናትን እየጠራ መሆኑን ለማወቅ ግን ቋንቋ አላስፈለጋትም። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች።

የጎረቤታቸው የዘውድነሽ ግቢ በቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው የሚለየው። የወንድ ልቅሶ ሰምታ እየሮጠች ገባች። «ኸረ ምነው! ምን ሆናችሁ? ማን ሞተባችሁ?»

«እናታችን» አለች ሽታዬ።

ዘውድነሽ ቀብሩ ላይ ነበረች። እሷም ሞተሩን አይታ፣ ይኸነውን አይታ፣ ስለ ዝናቡ ካወሩት አንዷ ናት። ነጠላዋን አወለቀች፣ ጥለቱን አዘቅዝቃ ለሐዘን እንደሚለበስ መልሳ ለበሰች፣ ከእነሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠች።